ህመሙ ቆመ ማለት አጥንቱ ዳነ ማለት አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት። በተለይ ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ እንደኔ ጠመኔ ይዛችሁ ክፍል የምትገቡ ባታልፉት ደስ ይለኛል።

ጉዳዩ የአጥንት ሲስት ነው። ልጆች አጥንት ውስጥ የሚፈጠር፣ ፈሳሽ የቋጠረ ክፍተት ማለት ነው። ዛሬ ዛሬ ሐኪሞች ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ሳይከፍቱ በመርፌ ያክሙታል። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ይገባል። ጠባሳው የመርፌ ቀዳዳ ናት። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ህመሙ ይጠፋል። ሐኪሙ ግን "ከሦስት ወር በኋላ ራጅ ተነስታችሁ ኑ" ብሏል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። "ልጁ ድኗል እኮ! ምን ልናደርግ እንሄዳለን?" ይባላል። ቀጠሮው ያልፋል። ካርዱ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። መርፌው የሕክምናው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ከዚያ በኋላ በየጊዜው የሚነሳው ራጅ ነው። ራጁን የተወ ቤተሰብ ሕክምናውን መንገድ ላይ ትቶታል። ይህ እንዳይሆን ደግሞ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ሐኪምም፣ እኛ መምህራንም ድርሻ አለን።

ሐኪም አይደለሁም፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ። መድኃኒት አላዝም፣ የሐኪማችሁንም ቃል አልሽርም። ግን ራጅ የፊዚክስ ጉዳይ ነው፤ ቀጠሮ የሚቀሩት ልጆች ደግሞ የእኛው ተማሪዎች ናቸው። በሁለቱም በኩል ያገባኛል።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንግባባ።

የአጥንት ሲስት ከአንድ በላይ ዓይነት አለው። እኔ በዋናነት የማወራው በልጆች ላይ ስለሚታየው፣ "ቀላል ሲስት" ስለሚባለው ነው። አጥንቱ ውስጥ ክፍተት ይፈጠርና ቢጫ መልክ ባለው ቀጭን ፈሳሽ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከ20 ዓመት በታች ባሉት ላይ ነው፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ ይበዛል። ዋና ዋና ቦታዎቹ ሁለት ናቸው፤ የላይኛው የክንድ አጥንት ትከሻ አጠገብ፣ እና የጭን አጥንት ዳሌ አጠገብ። ካንሰር አይደለም። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይሰራጭም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቡዳም አይደለም፣ እናትየው በደንብ ስላላበላችውም አይደለም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ግድግዳው ነው። ክፍተቱ ቦታ ሲይዝ በዙሪያው ያለው አጥንት ይሳሳል፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሆናል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ብዙ ጊዜም አያምም። ከዚያ አንድ ቀን ልጁ ድንጋይ ሲወረውር፣ ኳስ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ወይ ጀሪካን ሲያነሳ አጥንቱ ቀሽ ይላል። ብዙዎቹ ሲስቶች የሚታወቁት እንዲህ ነው፤ ልጁ ተሰብሮ ራጅ ሲነሳ። ስለዚህ ልጅ በትንሽ ነገር ሲሰበር "አይዞህ፣ ይገጥማል" ብቻ ማለት አይበቃም። "ለምን በዚህች ተሰበረ?" ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ስለ ወጌሻም አንድ ነገር ልበል። ለመንቀፍ አይደለም፤ ወለም ሲለን ወጌሻ ያላሸን ስንቶቻችን ነን? ግን ወጌሻ የሚያውቀው ጣቱ የነገረውን ነው። ጣት ደግሞ አጥንት ውስጥ አይገባም። በሲስት ምክንያት የተሰበረ አጥንት እንደ ማንኛውም ስብራት ይገጥማል። ልጁ እጁን ያነሳል፣ ወጌሻው ይመሰገናል፣ ምርቃት ይወርዳል። ሲስቱ ግን በአብዛኛው እዚያው ተቀምጧል። ስብራቱ ራሱ ሲስቱን ይዞት የሚጠፋው በጥቂት ልጆች ላይ ብቻ ነው። ከወራት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ዳግም ሲሰበር "የዚህ ልጅ አጥንት ደካማ ነው"፣ "ዓይን በልቶት ነው" ይባላል። ዓይን አልበላውም፤ ያየው ዓይን ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ።

ድሮ ከባድ ነበር። ሐኪሙ ክንዱን ወይ ጭኑን ከፍቶ፣ አጥንቱን ሸንቁሮ፣ ሲስቱን ፍቆ ያወጣና ከሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ከዳሌ፣ አጥንት አምጥቶ ይሞላው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስካሊየቲ የሚባል ጣሊያናዊ የአጥንት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። ሲስቱ ውስጥ በመርፌ ስቴሮይድ መስጠት። የሦስት ዓመት ክትትሉን ውጤት በ1979 አሳተመ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሰፋ። ከራሱ ከልጁ ላይ መቅኔ ተቀድቶ የሚሰጥበት አለ፤ አጥንት መሰል ማዕድን በመርፌ የሚሞላበት አለ፤ በትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ተጣጣፊ ብረት አጥንቱ ውስጥ የሚያስገቡበትም አለ። ብረቱ አጥንቱን ይደግፋል፣ የተቋጠረው ፈሳሽም መውጫ ያገኛል።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ልጁ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ሐኪሙ ሲ-አርም በሚባለው፣ እዚያው በዚያው ምስል በሚያሳይ የራጅ ማሽን እያየ መርፌውን ያስገባል። ፈሳሹን ይቀዳል፣ ከዚያ መድኃኒቱን ይሰጣል። አለቀ። ስፌት የለም ማለት ይቻላል።

ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላሁትም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በኦፕራሲዮን ጊዜ ሐኪሙ ውስጡን በዓይኑ ያያል። መፋቁን፣ መሙላቱን እዚያው ያውቃል። የወጣውም ነገር ወደ ላብራቶሪ ሄዶ ይመረመራል። እንዲያም ሆኖ ሲስት ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ክትትል አይቀርም። በመርፌ ሲሆን ደግሞ ሐኪሙ የሚያየው በምስል ብቻ ነው። መድኃኒቱም ክፍተቱን በዕለቱ አይሞላውም። የሚሞላው የልጁ አጥንት ራሱ ነው፤ እሱም ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ዓመታት። ስለዚህ መርፌ በወሰደበት ቀን የዳነ ልጅ የለም። የዚያን ቀን ሥራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም።

ሐኪሙ ሰውነት የሚነካው ባነሰ ቁጥር በምስል የሚያየው መብዛት አለበት። እኛ ግን በተገላቢጦሽ ነው የምናስበው። ጠባሳው ትንሽ ከሆነ በሽታውም ትንሽ ይመስለናል።

አሁን ትንሽ ክፍል ውስጥ እንግባ። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሮንትገን የሚባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1895 ራጅን ሲያገኝ የባለቤቱን እጅ አነሳ፤ አጥንቷና የጣት ቀለበቷ ወጣ። ለምን አጥንቱ ወጣ? አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ጨረሩን በብዛት ስለሚያስቀር ነው። ሥጋና ፈሳሽ ግን ብዙውን ያሳልፉታል። ስለዚህ በፊልሙ ላይ አጥንት ነጭ፣ ፈሳሽ የቋጠረው ክፍተት ደግሞ ጠቆር ብሎ ይታያል። ሲስቱ ሲድን ክፍተቱ በአዲስ አጥንት ይሞላል፣ ጥቁሩ ቀስ በቀስ ይነጣል። ክትትል ማለት ይህን ከጥቁር ወደ ነጭ የሚደረግ ጉዞ መጠበቅ ነው። ህመም ይህን አይነግራችሁም። እጅ ማንሳት መቻልም አይነግራችሁም።

ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራት ሲያነሳ የሚያያቸው ዋና ዋና ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

1. ክፍተቱ እየነጣ ነው ወይስ እንደ ጠቆረ ነው? ሙሉ በሙሉ ሊሞላ ይችላል፤ ትንሽ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ትቶ ሊሞላ ይችላል፤ ምንም ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል፤ ወይም ከሞላ በኋላ ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። እነዚህ አራቱ የተለያየ ውሳኔ ይፈልጋሉ።

2. ግድግዳው ወፍሯል? የመሰበርና ያለመሰበር ነገር በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው ያለው። ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ባይሞላም ግድግዳው ከጠነከረ አጥንቱ ክብደት ይችላል።

3. ከአጥንቱ ማደጊያ ምን ያህል ይርቃል? የልጅ አጥንት ጫፉ አጠገብ የሚያድግበት ክፍል አለው። ማደጊያው አዲስ አጥንት እየሠራ ወደፊት ሲሄድ ሲስቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ማደጊያው ሥር የተለጠፈ ሲስት የመመለስ ጠባይ ያበዛል፤ እየራቀ የሄደ ግን ተስፋ ይሰጣል።

4. አዲስ ስንጥቅ አለ? ልጆች ይደብቃሉ፤ ራጅ አይደብቅም።

አሁን ልብ በሉ። ከነዚህ ከአራቱ ሦስቱ በአንድ ፊልም ብቻ አይመለሱም። "እየነጣ ነው" ለማለት በፊት ምን ያህል ጥቁር እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። "ወፍሯል" ለማለት በፊት ምን ያህል ቀጭን እንደነበር። "ርቋል" ለማለት በፊት የት እንደነበር። እኛ መምህራን ይህን በደንብ እናውቃለን። አንድ ተማሪ ፈተና ላይ 50 አመጣ ቢባል ምን ማለት ነው? ባለፈው 30 ከነበረ እያደገ ነው፣ 80 ከነበረ እየወደቀ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሁለት። ተከታታይ ምዘና የምንለው ለዚህ ነው። ራጅም እንዲሁ ነው። የድሮ ፊልሙን ጥሎ አዲስ ፊልም ብቻ ይዞ የሄደ ቤተሰብ ሐኪሙን ያለ ማርክ መዝገብ ውጤት ሥራ እንደማለት ነው።

"ቢሆንም ካላመመው ምን አስጨነቀን?" የምትሉኝ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቁጥር ልመልስ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ቀላል ሲስት ያለባቸውን ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ስቴሮይድ፣ ለሌላው ወገን መቅኔ በመርፌ ሰጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተከታተሏቸው 77 ነበሩ። ማን የቱን እንደወሰደ የማያውቅ የራጅ ሐኪም ፊልሞቹን አየ። ስቴሮይድ ከወሰዱት 38 ውስጥ የዳኑት 16 ናቸው፤ 42 በመቶ ማለት ነው። መቅኔ ከወሰዱት 39 ውስጥ 9፤ 23 በመቶ። 

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ በተሻለው መድኃኒት እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ በራጅ "ድኗል" አልተባሉም። ስለዚህ "መርፌ ወስዷል፣ አበቃ" ማለት ዕጣ ከመጣል አይሻልም። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። በህመምና በእጅ እግር እንቅስቃሴ ሲለኩ ሁለቱ ወገኖች ጉልህ ልዩነት አልነበራቸውም። በህመም ብቻ ቢመዘን ኖሮ ሁለቱ መድኃኒቶች እኩል ናቸው ይባል ነበር። ልዩነቱን ያወጣው ፊልሙ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ጥናት በሌላ በኩልም ይቆርጣል። ያልሞላ ሲስት ሁሉ ያማል ማለት አይደለም፤ ሁሉም ይሰበራል ማለትም አይደለም። ጥናቱ ውስጥም በዳግም ስብራት ብዛት ሁለቱ ወገኖች ጉልህ ልዩነት አላሳዩም። አንዳንዱ ሲስት ልጁ አድጎ ሲጨርስ ራሱ ይረጋጋል። ታዲያ ለኔ ይህ ራጅን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም ለመነሳት ምክንያት ነው። ምክንያቱም ራጅ "ሌላ መርፌ ያስፈልገዋል" ብቻ አይደለም የሚለው። "ግድግዳው ጠንክሯል፣ ተዉት፣ ይጫወት" የሚለውም ራጅ ነው። ያለ ፊልም ሐኪሙ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፤ ወይ በግምት ልጁን ከጨዋታ መከልከል፣ ወይ በግምት መልቀቅ። ሁለቱም ልጁን ይጎዳሉ። በተለይ ሲስቱ ጭን አጥንት ላይ ዳሌ አጠገብ ከሆነ ግምት አያዋጣም። እዚያ የሚደርስ ስብራት ወደ መገጣጠሚያው የሚሄደውን የደም ዝውውር ሊያበላሽ ይችላል፤ ልጁ እያነከሰ ሊያድግ ይችላል።

ከቁጥሩ ወደ ሰው ልምጣ። ልጁ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀያይሬያለሁ። 9ኛ ክፍል ያስተማርኩት አንድ ተማሪ ነበር። ከዓመታት በፊት ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ ጋ ታስሮለት ገጥሟል። 8ኛ ክፍል እያለ ቦታው ላይ ደግሞ ተሰበረ፤ ያኔ ሆስፒታል ሄዶ ሲስት መሆኑ ታወቀ፣ ስብራቱ ከገጠመ በኋላ መርፌ ተሰጠው። ህመሙ ጠፋ። ቀጠሮው የእህል መሰብሰቢያ ጊዜ ላይ ዋለ፣ ቀረ። የሚቀጥለው ደግሞ ፈተና ላይ ዋለ፣ እሱም ቀረ። እኛ ጋ ሲመጣ ምንም እንዳልነበረበት ልጅ መረብ ኳስ ይጫወት ነበር። አንድ ቀን ኳሷን ሲመታ ሦስተኛ ጊዜ ተሰበረ። ያን ቀን ራጁ ሲታይ ሲስቱ እንደነበረ ነው፤ ምናልባትም ከፊተኛው ሰፋ ብሎ። "ምናልባት" የምለው ለምን መሰላችሁ? የፊተኛው ፊልም ጠፍቶ ነበር። ሐኪሙ የሚያነጻጽረው ነገር አልነበረውም። ከዚያ በኋላ እናቱ አንድም ቀጠሮ አላሳለፉም። ፊልሞቹን በካርቶን መሐል አድርገው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ ቁምሳጥን ላይ ያስቀምጧቸዋል። ልጁ ዛሬ ደህና ነው። ግን አንድ ዓመት ትምህርቱ ተንገጫግጯል፤ ሦስተኛው ስብራት ምናልባት ባልደረሰ ነበር።

አሁን ስለ ምስሉ ዓይነት። እኛ ሀገር አንድ አመል አለ፤ ምርመራ ውድ ሲሆን ጥሩ ይመስለናል። "ኤምአርአይ ተነሳ" ሲባል ቤተሰብ ይረጋጋል፣ "ራጅ ብቻ" ሲባል ቅር ይለዋል። ለቀላል ሲስት ክትትል ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራው ራጅ ይበቃል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በየከተማው አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአምናው ጋር ጎን ለጎን ለማስተያየት ይመቻል። "ጨረሩስ?" ለምትሉ፣ አንድ የክንድ ራጅ የሚሰጠው ጨረር ማንኛችንም በአንድ ቀን ውስጥ ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰማይ ከምናገኘው ያነሰ ነው። የዳሌ ራጅ ከዚያ ይበልጣል፤ ሐኪሙም ለዚህ ነው ቀኑን ቆጥሮ የሚያዘው። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ግን ልጇን ይዛ ራጅ ክፍል አትግባ፤ ለባለሙያው ትንገርና ሌላ ሰው ይያዝላት።

ሲቲ ስካን ጨረሩ ከራጅ በጣም ይበልጣል፤ ምክንያት ሲኖር ነው የሚታዘዘው። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፣ ግን ውድ ነው፤ ልጁም ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መተኛት አለበት፣ ትንንሾቹ ማደንዘዣ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። መቼ ነው የሚያስፈልጉት? ሲስቱ አከርካሪ ወይም ዳሌ አጥንት ላይ ሆኖ በራጅ አጥርቶ ካልታየ፤ ሁኔታው ሐኪሙን ካጠራጠረው፤ ወይም ሲስቱ ደም የሚቋጥረው ዓይነት ከሆነ። ይሄኛው ከቀላሉ የተለየ ነው፤ ቶሎ ይሰፋል፣ አጥንቱን እንደ ፊኛ ይነፋዋል። እሱም ዛሬ በመርፌ የሚታከምበት መንገድ አለ፤ መርፌው ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ተመልሶ ከመጣ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ጋር የሚመሳሰል አደገኛ የአጥንት ካንሰርም ስላለ ከመርፌው በፊት ናሙና ይወሰዳል፤ በክትትሉም ላይ አይቀለድም። ዋናው ነገር፣ ምርመራውን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው። እናንተ ያዘዘውን አታስቀሩ፣ ያላዘዘውንም ደርባችሁ አትክፈሉ።

እንግዲህ ቤተሰቡ ለምን ይቀራል? ሰነፍ ስለሆነ ነው ብዬ አላምንም። ከገጠር ጥቁር አንበሳ ድረስ ለመምጣት ትራንስፖርት አለ፣ ማደሪያ አለ፣ የቀረ ሥራ አለ። ይህን ሁሉ ከፍሎ መጥቶ "ደህና ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ" ሲባል ሰው ገንዘቡን የጣለ ይመስለዋል። "ደህና ነው" የሚለው ቃል ራሱ ዋጋ እንዳለው የነገረው የለም። ስለዚህ ጥያቄዬን ለሦስት ወገን አቀርባለሁ።

ለሐኪሞችና ለጤና ባለሙያዎች። ሰልፉ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፣ በቀን ስንት ሰው እንደምታዩም ይገባኛል። ግን ሁለት ደቂቃ ስጡን። ሁለቱን ፊልም ጎን ለጎን አድርጋችሁ "ይኸው፣ ይሄ ጥቁሩ ነበር፣ አሁን ይኸን ያህል ነጥቷል" ብላችሁ ለእናትየው አሳዩአት። ማንበብ የማትችል እናት ጥቁርና ነጭ ትለያለች። አንዴ በዓይኗ ካየች ቀጠሮ አታሳልፍም። ሌላው፣ ካርዱ ላይ ቀኑን ብቻ አትጻፉ፤ ለምን እንደሚመጡም በአንድ መስመር በአማርኛ ጻፉ። ሦስተኛው ደግሞ፣ የሚቻል ሲሆን የክትትል ራጁን በአቅራቢያቸው ባለ ሆስፒታል ይነሱ፣ ምስሉ ይላክላችሁ። ለመርፌው አዲስ አበባ መምጣት ግድ ሊሆን ይችላል። ለአንድ የክንድ ራጅ ግን አንድን ገበሬ ሁለት ቀን መንገድ ማስጓዝ ቀጠሮው እንዲቀር መፍረድ ነው። ስልኩ አለ፣ ቴሌግራሙ አለ፣ የጎደለው ስምምነት ብቻ ነው።

ለወላጆች። ፊልሙ ንብረት ነው፤ እንደ ቤት ካርታ ያዙት። አትጠፉት፣ ፀሐይና እርጥበት አታስነኩት። ቀኑን ጠርዙ ላይ ጻፉበት። በሲዲ ከሰጧችሁ ሲዲውን ከካርዱ ጋር አኑሩት። መስኮት ላይ ለጥፋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ፎቶው ፊልሙን አይተካም፣ ፊልሙ ቢጠፋ ግን ከምንም ይሻላል። ቀጠሮው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ በየጥቂት ወሩ ነው፣ እየቆየ ይራራቃል፣ ልጁ አድጎ እስኪጨርስ ሊቀጥል ይችላል፤ የናንተን ልጅ ቀን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ጸበል የምትወስዱ ውሰዱ፣ ዱአ የምታስደርጉ አስደርጉ፤ ራጁ ከጸሎት ጋር ጠብ የለውም። ብቻ "ሐኪሙ ፈቅዷል" የሚል ቃል ሳትሰሙ ጀሪካን አታሸክሙት፣ ኳስ ሜዳም አትልቀቁት። ድንገት ካመመው፣ ካበጠ፣ በትንሽ ውድቀት እጁን ማንሳት ካቃተው፣ ማነከስ ከጀመረ፣ ህመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ወይ ከመርፌው በኋላ ትኩሳት ከያዘው ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሂዱ።

ለእኛ ለመምህራን። ራጅ ለመነሳት የሄደን ልጅ "ቀሪ" ብለን ማርክ ስንቆርጥበት ምን እያስተማርነው ነው? ደህና ሳለ ሐኪም ቤት መሄድ ጥፋት ነው እያልነው ነው። የቀጠሮ ወረቀት ካመጣ እንፍቀድለት፣ ፈተና ካመለጠው እንፈትነው። የስፖርት መምህራን ደግሞ ክንዱን ወይ እግሩን የታከመ ልጅ ካለ ሐኪሙ ምን እንደፈቀደ ጠይቁ እንጂ "ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ?" አትበሉ። ሙሉ በሙሉም አታግልሉት። ዳኛ ይሁን፣ ነጥብ ይመዝግብ። ልጅ መገለሉን ሲፈራ ነው ህመሙን የሚደብቀው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ነርስ፣ የራጅ ባለሙያ፣ ሐኪም ሆናችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም ወልዳችሁ የልጆቻችሁን ፎቶ እዚህ ታሳዩናላችሁ። በሙያው ውስጥ ያላችሁ የጎደለ ነገር ካለ ከታች ሙሉልኝ፤ ሰው ከእናንተ ይማራል። ሌሎቻችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ቤታችሁ ውስጥ የተቀመጠ የሐኪም ካርድ ካለ አውጡና ቀጠሮው አልፎ እንደሆነ እዩ። ካለፈም ይኬዳል፤ "ዘገየህ" ብሎ የሚያባርር ራጅ የለም።

ቸር ያሰማን። ልጆቻችንን ይጠብቅልን።